ከንግድ ቤት ወደ ውጭ የሚወጣውን የኢንተርኔት ጭነት ስለ መቆጣጠር
ለፍኖተ ሰላም፣ ለቡሬና ለአካባቢው ነጋድያን የቀረበ ማስገንዘቢያ

ኬላ የሚለው ቃል በጎጃም ነጋዴ ዘንድ የቆየ ቃል ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ከዐባይ ማዶ ተነሥተው ወደ ባሶ ገበያ ይመላለሱ የነበሩ ሲራራ ነጋዴዎች ወርቁን፣ የዝሆን ጥርሱን፣ ዝባዱንና ቡናውን በአጋሰስ ጭነው በየኬላው ቀረጥ እየከፈሉ ያልፉ ነበር። ለኬላ ጠባቂው ገቢውም ወጪውም ጭነት አንድ ነበር፤ የመጣው ሁሉ ቁሞ፣ ተፈትሾ፣ ታውቆ ያልፋል እንጂ ‹‹ይህ የሚወጣ ነውና ዝም ብሎ ይለፍ›› የሚባል ነገር አልነበረም።

ዛሬ በዚሁ አገር በብዙ የንግድ ቤቶችና መኖሪያ ቤቶች ውስጥ አንዳንድ ታናሽ ኬላ ቆሟል። ይኸውም ኢንተርኔትን ከቴሌ መሥመር ወይም ከሲም ካርድ ተቀብሎ ለቤቱ ኮምፒዩተሮች፣ ስልኮች፣ ማተሚያዎችና ካሜራዎች የሚያከፋፍለው ራውተር የተባለው መሣሪያ ነው። ይህ ታናሽ ኬላ ግን ከጥንቱ ኬላ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ከፋብሪካው ሲመጣ ከውጭ ሊገባ የሚሞክረውን እንግዳ እንዲከለክል፣ ከውስጥ የሚወጣውን ግን ያለ ምንም ጥያቄ እንዲያሳልፍ ሆኖ ተሰናድቶ ይመጣል። አብዛኛው ባለቤት ይህን ስለማያውቅ በሩ ተዘግቷል ብሎ ይተኛል፤ በሩ ግን የተዘጋው በአንድ ወገን ብቻ ነው።

የራውተሩ አሠራር

ነገሩ በሚገባ እንዲታወቅ አሠራሩን በአጭሩ ማስረዳት ያስፈልጋል። በቤቱ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ መሣሪያ በቁጥር የተጻፈ አድራሻ አለው። ይህም ብዙውን ጊዜ በ192.168 የሚጀምር፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ለውስጥ አገልግሎት ብቻ እንዲሆን በዓለም አቀፍ ስምምነት የተለየ አድራሻ ነው። አንድ ኮምፒዩተር ወደ ውጭ መልእክት በሚልክበት ጊዜ ራውተሩ የውስጡን አድራሻ በራሱ አድራሻ ተክቶ ያወጣዋል፤ ማን ወደ ማን እንደ ላከም በመዝገቡ ይይዛል። መልሱ ሲመጣ መዝገቡን ተመልክቶ ለላኪው ያደርሳል። ከውስጥ ማንም ሳይጠይቅ ከውጭ የመጣ መልእክት በመዝገቡ ላይ ስለማይገኝ ወድቆ ይቀራል።

ከዚህ አሠራር ዐቢይ ቁም ነገር ይወጣል። ከውስጥ የተጀመረ ግንኙነት ሁሉ መንገዱ ክፍት ነው፤ መልሱም ተከትሎት ይገባል። ስለዚህ አንድ ክፉ ፕሮግራም በማናቸውም ምክንያት አንድ ጊዜ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ከተቀመጠ ከውጭ እስኪጠሩት አይጠብቅም፤ ራሱ ወደ ጌታው ይደውላል። ራውተሩም የቤቱ ሰው የደወለ መስሎት ያሳልፈዋል።

የሚወጣው መልእክት አድራሻ ብቻ ሳይሆን ፖርት የሚባል የበር ቁጥርም አለው። የተለመደው የድረ ገጽ ንባብ በ80 እና በ443፣ የስም ጥያቄ በ53፣ የኢሜይል መላኪያ በ587፣ የኢሜይል መቀበያ በ993፣ የሰዓት ማስተካከያ በ123 ያልፋል። ነጋዴው እነዚህን ጥቂት ቁጥሮች ካወቀ የኬላውን ደንብ ለመጻፍ በቂ መሠረት አለው።

በወጪው በር የሚደርስ ጉዳት

ጉዳቱ በሦስት ዐይነት ይከፈላል። አንደኛው የምስጢር መውጣት ነው። ለዚህ የታወቀው ምሳሌ በውጭ አገር ከሚኖሩት ወገኖቻችን የተገኘ ነው። በአሜሪካ አገር በሜሪላንድ ክፍለ ግዛት የሚኖር፣ በኢትዮጵያ የተወለደ አንድ ሰው ‹‹ኪዳኔ›› በሚል የምስጢር ስም በየካቲት 2006 ዓ.ም. በዋሽንግተን ፍርድ ቤት በኢትዮጵያ መንግሥት ላይ ክስ አቀረበ። ክሱ እንደሚያስረዳው ከኢሜይል ጋር ተያይዞ የመጣ አንድ የጽሑፍ ሰነድ በተከፈተ ጊዜ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም በቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ተተከለ፤ ከጥቅምት እስከ መጋቢት 2005 ዓ.ም. ድረስም በስካይፕ የተደረጉ ንግግሮችንና ሌሎችንም የግል ጉዳዮች እየቀዳ በኢትዮጵያ ወደሚገኝ ሰርቨር ላከ። ፍርድ ቤቱ በግንቦት 2008 ዓ.ም. ክሱን ዘጋው፤ የይግባኙም ፍርድ ቤት በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር ስላልተፈጸመ የውጭ መንግሥትን በዚህ ለመክሰስ ሕጉ አይፈቅድም ሲል ውሳኔውን አጸና። የክሱ እውነትነት በማስረጃ ተመርምሮ አልተፈረደበትም።

ለነጋዴው የሚጠቅመው ትምህርት ከክርክሩ ይልቅ በአሠራሩ ላይ ነው። ሰነዱ የገባው በኀይል አይደለም፤ ባለቤቱ በገዛ እጁ ከፍቶት ነው። እንደ ክሱ ቃል ወሬው ከአራት ወር በላይ ሲወጣ ግን በቤቱ ደጃፍ ላይ ‹‹ይህ ጭነት ወዴት ይሄዳል?›› ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ሁለተኛው ጉዳት ቤቱ ለሌላው ወንጀል መሣሪያ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ፕሮግራም በዓለም ላይ የተበተኑ የቤት ካሜራዎችንና ራውተሮችን ያዘ። ዘዴው እጅግ ቀላል ነበር፤ ከፋብሪካ ሲወጡ የተሰጣቸውንና ባለቤቶቹ ያልለወጧቸውን ስድሳ ያህል የስምና የይለፍ ቃል ጥንዶች በፖርት 23 በኩል መሞከር ብቻ ነው። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር እነዚህ መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ ወደ ዳይን ኩባንያ ስለ ዘመቱ ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ታላላቅ ድረ ገጾች ለሰዓታት ተቋርጠዋል። ካሜራው የተሰቀለበት ቤት ባለቤት ግን የተሰረቀ ዕቃ ስላልነበረው ምንም አላወቀም። እንዲሁም በፖርት 25 በኩል በሺሕ የሚቈጠር የማጭበርበሪያ ኢሜይል የሚልክ ኮምፒዩተር ያለበት ቤት አድራሻው በክፉ ላኪዎች መዝገብ ላይ ይጻፋል። ከዚያ በኋላ ነጋዴው ራሱ ከዚያው አድራሻ የሚልከው እውነተኛ ደብዳቤ ሳይነበብ ወደ ቆሻሻው ሊጣል ይችላል። በሲም ካርድ በሚሠራ መሥመር ደግሞ ብዙ ደንበኞች አንዱን የውጭ አድራሻ ተካፍለው ስለሚጠቀሙ የአንዱ ጥፋት ለጎረቤቱም ይተርፋል።

ሦስተኛው ጉዳት የገንዘብ ነው፤ ይህንንም ማንም ነጋዴ በራሱ ስሌት ሊደርስበት ይችላል። አንድ የመጋዘን ካሜራ ምስሉን በሴኮንድ 1 ሜጋቢት ብቻ እያደረገ ወደ ውጭ አገር ሰርቨር ቢልክ በ24 ሰዓት 86,400 ሜጋቢት፣ ማለትም 10.8 ጊጋባይት ይሆናል። በ30 ቀን 324 ጊጋባይት ነው። ካሜራው ሁለት ከሆነ ሒሳቡ እጥፍ ነው። በጊጋባይት ተመዝኖ በሚሸጥ ጥቅል የሚጠቀም ነጋዴ ጥቅሉ ለምን ከወሩ አስቀድሞ እንዳለቀ ሲጠይቅ መልሱን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ከመጋዘኑ ጣራ ላይ ነው።

በምዕራብ ጎጃም ንግድ ረገድ ያለው ክብደት

የፍኖተ ሰላምና የቡሬ አካባቢ የእህል አገር ነው። በቆሎው፣ ጤፉ፣ በርበሬውና ማሩ ከጃቢ ጠህናንና ከአጎራባች ወረዳዎች ተሰብስቦ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ አዲስ አበባ፣ በእንጅባራ በኩል ወደ ባሕር ዳር፣ ከቡሬም በነቀምት መንገድ ወደ ወለጋ ይጓዛል። የቡሬ የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክና የምግብ ዘይት ፋብሪካው ከተቋቋሙ ወዲህ ከገበሬው አንሥቶ እስከ ፋብሪካው ድረስ ያለው ሰንሰለት እየረዘመ ሄዷል። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር ሥራ ስለ ጀመረ፣ ባንኮችም በስልክና በኮምፒዩተር ገንዘብ ስለሚያስተላልፉ፣ ዋጋው በመልእክት፣ ሒሳቡም በመሥመር ይፈጸማል።

እህል ነጋዴው ገዝቶ የሚሸጥበት ትርፍ በኩንታል ሲታይ ጥቂት ነው። የጫነው መኪና ዐባይ በረሓን ሳይሻገር የገዛበት ዋጋ ለተወዳዳሪው ወይም ለደላላው ቢሰማ ትርፉ እዚያው በመንገድ ላይ ያልቃል። የደንበኞቹ የባንክ ቁጥር፣ የአቅራቢ ገበሬዎች ስም፣ የብድር መዝገብ፣ ሁሉም በዚያ በአንዱ ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። ከዚህም የከፋው፣ የነጋዴውን ደብዳቤ ያነበበ አጭበርባሪ በስሙ ለገዢው ጽፎ ‹‹የባንክ ቁጥራችን ተለውጧልና በዚህ ክፈሉ›› ሊል መቻሉ ነው። እንግዲህ የወጪው በር ጥበቃ ለትልልቅ ኩባንያዎች ብቻ የተተወ ጉዳይ አይደለም።

ወጪውን የመዝጋት ሥርዓት

ለምሳሌ ያህል በፍኖተ ሰላም አንድ የእህል ንግድ ቤት አለ እንበል። በቤቱ አንድ የሒሳብ ኮምፒዩተር፣ አንድ ማተሚያ፣ ሁለት የመጋዘን ካሜራዎች፣ አንድ ቴሌቪዥንና የሠራተኞች ስልኮች ይገኛሉ። ሥራው በሚከተለው ተራ ሊፈጸም ይገባል።

1ኛ. መዝገብ። ማናቸውም ነገር ከመዘጋቱ በፊት የመሣሪያዎቹ ስም፣ ቦታና አድራሻ በደብተር ይጻፍ። በራውተሩ ገጽ ላይ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የማይለወጥ አድራሻ ይመደብለት፤ አለበለዚያ ዛሬ ለካሜራው የተጻፈው ደንብ ነገ በሒሳብ ኮምፒዩተሩ ላይ ሊውል ይችላል። ወደ ራውተሩ ገጽ የሚያስገባው አድራሻ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.8.1 ሲሆን በመሣሪያው ጀርባ ተለጥፎ ይገኛል።

2ኛ. የይለፍ ቃል። ከፋብሪካ የመጣው የአስተዳዳሪ ይለፍ ቃል ይለወጥ። ኬላ ጠባቂውን ማንም ሊያዝዘው የሚችል ከሆነ የሚጻፈው ደንብ ሁሉ ከንቱ ነው።

3ኛ. ወደ ውጭ መውጣት የማያስፈልጋቸውን ፈጽሞ መዝጋት። ማተሚያው ከኮምፒዩተሩ ወረቀት ከተቀበለ ከውጭ አገር ጋር የሚነጋገርበት ምክንያት የለውም። ካሜራዎቹም በመጋዘኑ ውስጥ በሚገኝ መቅረጫ ላይ የሚቀረጹና ባለቤቱ ከሩቅ በስልኩ የማያያቸው ከሆነ ይዘጉ። ይህ አንድ እርምጃ ብቻውን ከላይ የተሰላውን የ324 ጊጋባይት ወጪ ያስቀራል።

4ኛ. ለኮምፒዩተሩ የማያስፈልጉ በሮችን መዝጋት። ፖርት 23፣ ፖርት 25 እና ፖርት 445 ወደ ውጭ እንዳይወጡ ይከልከሉ። 445 እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ብዙ ኮምፒዩተሮችን ቈልፎ ገንዘብ የጠየቀው ዋናክራይ የተስፋፋበት በር ነው። ለፋይል መለዋወጫ በቤት ውስጥ ቢያስፈልግ እንኳ ከቤት ውጭ ለነጋዴ ጥቅም የለውም።

5ኛ. የጠበቀ ጥበቃ ለሚፈልግ። ይህ ተራውን ይገለብጠዋል፤ ሁሉ ይዘጋና የተፈቀደው ብቻ ይወጣል። የሚፈቀዱትም 53፣ 80፣ 443፣ 587፣ 993 እና 123 ናቸው። በብዙ ራውተሮች ደንቦች ከላይ ወደ ታች ስለሚነበቡና በመጀመሪያ የገጠመው ስለሚፈጸም ፈቃዶቹ ከላይ፣ ‹‹ሁሉ ይከልከል›› የሚለው ከሁሉ በታች ይጻፍ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ቤቱ በሙሉ ከዓለም ይቈረጣል።

6ኛ. ፈተና። በአንድ ጊዜ አንድ ደንብ ብቻ ተጽፎ የባንኩ ገጽ፣ ኢሜይሉና የሒሳብ ፕሮግራሙ መሥራታቸው ይረጋገጥ። ይህም ገበያ በሌለበት ቀን ቢሆን መልካም ነው። የተጻፈው ደንብም ከነቀኑ በደብተሩ ይመዝገብ።

ደንቡን በመጻፍ ጊዜ ተደጋግሞ የሚታይ ስሕተት አለ። ገጹ ‹‹መነሻ›› እና ‹‹መድረሻ›› አድራሻ ሲጠይቅ ብዙዎች የካሜራውን አድራሻ በመድረሻው ላይ ይጽፉታል። የሚወጣ ጭነት በሚከለከልበት ጊዜ ግን የውስጡ መሣሪያ መነሻ ነው፤ መድረሻው የውጭው ዓለም ነው። በተቃራኒው የተጻፈ ደንብ በገጹ ላይ አምሮ ይታያል፤ ሥራ ግን አይሠራም።

በሲም ካርድ የሚሠሩ አነስተኛ ራውተሮች አንዳንዶቹ ይህን ሁሉ ዝርዝር የላቸውም፤ ማክ ፊልተር የሚባለውን ብቻ ይሰጣሉ። ይህ በብዙዎቹ ላይ መሣሪያውን ከውጭው ብቻ ሳይሆን ከራውተሩ ራሱ ያባርረዋልና ማተሚያውን በዚህ የዘጋ ሰው ከኮምፒዩተሩም ይለያየዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ መሣሪያውን በገመድ ከኮምፒዩተሩ ጋር ማገናኘት ወይም የተሟላ ፋየርዎል ያለው ራውተር ገዝቶ መተካት ይሻላል። አዳዲስ ስልኮች የማክ ቁጥራቸውን ስለሚለዋውጡ በዚህ ዘዴ ስልክን መከልከል አስተማማኝ አይደለም።

መብራት በሚጠፋበት ጊዜ

በአካባቢው የኤሌክትሪክ መቋረጥ የተለመደ ስለ ሆነ አንድ ነገር ሊዘነጋ አይገባም። የቤት ራውተሮች አብዛኞቹ ሰዓታቸውን የሚያቆይ ባትሪ የላቸውም። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ትክክለኛውን ሰዓት የሚያገኙት በፖርት 123 ከውጭ ጠይቀው ነው። ባለቤቱ ‹‹ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ቴሌቪዥኑ ወደ ውጭ አይውጣ›› የሚል የሰዓት ደንብ ጽፎ 123ን ግን የዘጋ እንደ ሆነ በአንዳንድ ራውተሮች ላይ ራውተሩ ቀኑን ሳያውቅ ሊቀርና ደንቡ በማይገባ ሰዓት ሊፈጸም ይችላል።

የኢንተርኔት መቋረጥ ሁሉ ከቤቱ ደንብ የመጣ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ በታወጀበት ወቅት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነጋዴው ከገበያው ተለይቶ እንደ ነበረ ይታወሳል። እንዲህ ያለው ከሩቅ የሚዘጋ በር በራውተር ገጽ አይከፈትም። መለያው ቀላል ነው፦ አዲስ የተጻፉት ደንቦች ለጥቂት ደቂቃ ቢነሡና ኢንተርኔቱ ቢመለስ ጥፋቱ ከቤት ነው፤ ባይመለስ ከመሥመሩ ነው። ቴሌብርን በ*127# መጠቀም በስልኩ መሥመር እንጂ በኢንተርኔት ስለማይሄድ የራውተሩ ደንብ አይነካውም።

የዘዴው ወሰን

ዘዴው መልካም ቢሆንም ከሚችለው በላይ ሊመኩበት አይገባም። በዛሬው ጊዜ አብዛኛው መልእክት፣ መልካሙም ክፉውም፣ በፖርት 443 ተመሥጥሮ ይወጣል። ራውተሩ የጭነቱን መድረሻ ያያል እንጂ የጆንያውን ውስጥ አያይም። ስለዚህ የበር ቁጥርን መዝጋት የተደበቀውን ስለላ ሁሉ አያቆምም፤ ለዚህ የሚረዳው ተጨማሪ ዘዴ በክፋት የታወቁ ስሞችን የማይመልስ የስም አገልግሎት በራውተሩ ላይ መጻፍ ነው። ከእነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2017 ለሕዝብ የተከፈተው፣ አድራሻው 9.9.9.9 የሆነው ኳድ ናይን በነጻ ይገኛል።

ሁለተኛ፣ አይፒቪ6 የሚባለው አዲሱ አድራሻ በመሥመሩ ላይ ካለ ለቀድሞው አድራሻ የተጻፈው ደንብ አያግደውም፤ የራሱ ደንብ ይጻፍለት ወይም የማያስፈልግ ከሆነ ይዘጋ። ሦስተኛ፣ ሠራተኛው በስልኩ የራሱን ሲም ከተጠቀመ ከኬላው ውጭ ነው። አራተኛ፣ ወጪው ፈጽሞ የተዘጋበት መሣሪያ የማሻሻያ ፕሮግራሙንም አያገኝም፤ ስለዚህ በየሦስት ወሩ ደንቡ ለአንድ ሰዓት ተነሥቶ ማሻሻያው ተወስዶ እንደገና ይዘጋ።

ስለ ሕጉ ደግሞ በአጭሩ ሊነገር የሚገባው አለ። የራስን በር መዝጋት የባለቤቱ መብት ነው። የሌላውን ሰው መልእክት ጠልፎ ማንበብ ግን በኮምፒዩተር ወንጀል ዐዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ነው። ይህን ለይቶ የማያውቅ አሠሪ ‹‹ቤቴን ጠበቅሁ›› ሲል የሠራተኛውን ደብዳቤ እያነበበ እንዳይገኝ መጠንቀቅ ይገባዋል። በዐዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት ደግሞ የሰዎችን የግል መረጃ የያዘ ሁሉ መረጃውን የመጠበቅ ግዴታ አለበት። የገበሬዎቹን ስምና የባንክ ቁጥር በኮምፒዩተሩ የያዘ ነጋዴ እንግዲህ ወጪውን በር የሚጠብቀው ለራሱ ትርፍ ብቻ አይደለም፤ አምነው ለሰጡትም ነው።

ጊዜ የሌለው ነጋዴ ከዚህ ሁሉ ሦስቱን ብቻ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊፈጽም ይችላል፤ እነዚህም የአስተዳዳሪውን ይለፍ ቃል መለወጥ፣ ማተሚያውንና ካሜራዎቹን ከውጭ መዝጋት፣ 23፣ 25 እና 445ን መከልከል ናቸው። የቀረውን ደብተሩን ይዞ በየሳምንቱ አንድ አንድ እያለ ይቀጥል። የወጣው ጭነት ምን እንደ ነበረ በወሩ መጨረሻ የጥቅሉ ቀሪ ሒሳብ ይነግረዋል።